እናቴን ነርስ ያደረግኩበት ድርሰት

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ቀጨኔ ውስጥ ድስትና ጀበና እየሠራች ብቻዋን አሳደገችኝ። ፊደል አልቆጠረችም፤ የጻፍኩትን ሁሉ ግን መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቧ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ፤ እሷ የድስቱን ሆድ በጠጠር እያለሰለሰች ታዳምጣለች። ያልጣማት ቦታ ላይ ስደርስ ጠጠሯ ቀጥ ትላለች።

«እዚህ ጋ ዋሸሽ» ትለኛለች።

ሁሌም ልክ ናት። መጻፍ ማን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ያቺ ጠጠር ናት።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትምህርት ቤቴ ከሰፈራችን ወጣ ያለ ነበር። አንድ ቀን አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ስለ ሸክላ ሠሪዎች ተነሥቶ፣ «ኡፍ፣ ዓይናቸው አይጣል! ሰው ይበላሉ እኮ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም፣ ጉድ እኮ ነው፣ አብሬ ሳቅኩ።

በዚያው ሳምንት የአማርኛ መምህራችን ስለ እናታችሁ ጻፉ አሉን። እናቴን ነርስ አደረግኳት። ነጭ ጋዋን አለበስኳት፤ እጆቿ ሳሙና ሳሙና እንዲሸቱ አደረግኩ። መምህሩ በጣም ወደዱትና በወላጆች ቀን በማይክ እንዳነበው ወሰኑ። ለእናቴ ግን፣ «ይኼ የፈተና ነው፣ አይነበብም» አልኳት። የወላጆች ቀን መኖሩንም አልነገርኳትም።

ጎረቤት ነገረቻት።

የሳሙናው ቦታ ላይ ስደርስ ቀና አልኩ፤ ከኋላ ቆማለች። የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳ፣ እጆቿን ከነጠላው ሥር ደብቃ። ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፤ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሲጨበጨብ እሷም አጨበጨበች።

ከማይኩ ወርጄ ወደ እሷ ስሄድ ያቺ ልጅ ተከተለችኝ። መምህሩም መጡ።

«እናቷ ነዎት?»

እናቴ መጀመሪያ እኔን አየች፤ ከዚያ ልጅቷን።

«አይ፣ አክስቷ ነኝ። እናቷ ነርስ አይደለች? ተረኛ ሆና ነው የቀረችው» አለች።

እኔ ቀጣፊዋ እንደ ግንድ ተገትሬ ቀረሁ። ኧረ እናቴ ናት ማለት ምን ነበረበት!

አቀበቱን አብረን ወጣን። ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል።» በጥፊ ብታጮለኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቴን ረግጣው አታውቅም።

ዓመት ሙሉ አላነበብኩላትም። እጽፋለሁ፣ እቀድዳለሁ። በራሴ ጆሮ ጠጠሯ ስትቆም ይሰማኛል፤ ሁሉም ውሸት ውሸት ይለኛል። አሥረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ግን አንዱ እምቢ አለኝ፤ መቅደድ አቃተኝ። ጭቃ የገባበትን ጥፍሯን ጻፍኩ። የተሰበረውን ድስት ፈጭታ ከአዲሱ ጭቃ ጋር እንደምትለውሰው ጻፍኩ። ያቺን «አክስቷ ነኝ» ያለችባትን ቀን ከነዝምታዬ ጻፍኳት፤ ክፍል ውስጥ አብሬ መሳቄንም።

ዱካው ላይ ተቀመጥኩና እያለቀስኩ አነበብኩላት። ጠጠሯ አንዴም አልቆመችም።

ስጨርስ፣ «ነገ ሰልፍ ላይ አነበዋለሁ፤ ሁሉም ይስሙት» አልኳት።

ድስቱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እንባዬን አበሰችልኝ።

«የትም ቦታ አልዋሸሽም። እንዲህ ነው መጻፍ» አለችኝ። «ትምህርት ቤት ግን እንዳታነቢው የኔ ልጅ። ነርስ ናት ብያቸዋለሁ እኮ።»