ከአመድ ቀድማ የወጣች ብርሌ

አውራ ጣቴን ባመጣኸው ብርጭቆ ከንፈር ላይ ሳዞር፣ የተሸረፈው ቦታ ላይ ስደርስ ቆዳዬን ነከስ አደረገኝ። ሌላው ሰው ብርጭቆ መሸረፉን የሚያውቀው በዓይኑ ነው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጣቴ ብቻ፣ ወድቆ ይሁን ከቧንቧ አፍ ጋር ተጋጭቶ እነግርሃለሁ። ይኼኛው ከቧንቧ ጋር ተጋጭቷል። ተሳሳትኩ? አልተሳሳትኩም። በል ያንን ወንበር ሳብና ተቀመጥ። ብርጭቆህን ዛሬ አልሰጥህም፤ ነገም አልሰጥህም። ሐሙስ ትመጣለህ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ከካራ እስከ መገናኛ ድረስ የተሸረፈ ብርጭቆን በእሳት መልሶ ከንፈር ያበጀ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ለመኩራራት አይደለም፤ ሌላ ካለ አምጣልኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ያሳየኝ ሰው የለም፤ ያነበብኩት መጽሐፍም የለም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እሠራበት የነበረው ጣውላ ቤት ተዘጋና ሥራ ፈትቼ ኮተቤ ግቢያችን ውስጥ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ቆሻሻ አቃጠልኩ። ማቀጣጠያዬ ሴቶች ከእንጦጦ ተሸክመው የሚያወርዱት የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። በማግስቱ አመዱን ስጠርግ የተሰበረ የመድኃኒት ጠርሙስ አገኘሁ። ስለቱ ጠፍቷል። እንደ ሕፃን ድድ ለስልሷል። ሌላ ሰው ቢሆን ወርውሮት ያልፍ ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ስንት ጠርሙስ እንዳፈነዳሁ አልነግርህም። መጨረሻ ላይ ግን ገባኝ። መጀመሪያ ብርጭቆውን ከከሰል ምድጃ አጠገብ እያዞርክ ቀስ በቀስ ታሞቀዋለህ። ከዚያ ኩራዝ ለኩሰህ፣ በቀጭን የመዳብ ቱቦ ነበልባሉን በትንፋሽህ ወደ ስብራቱ ትገፋዋለህ። ሲጨስ የነበረው እሳት ሲነፋ ሰማያዊ ምላስ ያወጣል። ምላሱ ሲልሰው ብርጭቆው የብርቱካን መልክ ይይዛል፤ ያኔ ስለቱ እንደ ሰም ተሰብስቦ ይተኛል። አፉ ከተጣመመ በጋለ ምስማር ገፋ አድርገህ ቅርጹን ትመልሳለህ። ጉንጬ እስኪያብጥ እነፋ ነበር። ልብሴ ሁሉ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸት ነበር።

በመጨረሻ ትኩስ አመድ ውስጥ ትቀብረዋለህ። ብርጭቆ ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ እንደጋለ ከቀረ ቂም ይይዛል። ስታየው ደህና ይመስላል፤ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ፣ ማንም ሳይነካው ይፈነዳል። ስለዚህ እስከ ማግስቱ ድረስ ከአመዱ አይወጣም። ይህንንም የደረስኩበት ራሴ ነኝ። አውቄውም ነበር። ያኔም አውቀው ነበር።

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ላምበረት፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ወንበር። ወደ ደሴ የሚወጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ጢማቸውን የሚላጩት እሱ ጋ ነበር። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ መስታወቱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። የአባቴ እጅ ግን ምላጭ እንደያዘ የሰው ጉሮሮ ላይ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ሾፌሮቹ እንቅልፍ እየወሰዳቸው ይላጩ ነበር። ጉሮሮህን ሰጥተኸው የምትተኛለት ሰው ስንት አለህ?

እሱ ሙያውን የተማረው ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ ሦስት ዓመት ውሃ እያሞቀና ፀጉር እየጠረገ ነው። ማታ ሲገባ እኔን ከኩራዜ ጋር ያገኘኛል።

«አሁንም ከጠርሙስ ጋር ነህ?»

«ሙያ ነው አባባ።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ራሴ።»

«እንግዲያ ስትሳሳት ማን ይነግርሃል?»

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያደንቀኛል፤ የጎደለኝ የአንድ ሰው «ጎሽ» ብቻ ነበር።

ከአባቴ ክፍል ፊት ለፊት ጠጅ ቤት ነበረ። ባለቤቷን እትዬ እንላቸው ነበር። አፉ የተሸረፈ ብርሌ ለሰው ማቅረብ ነውር ነው፤ ከንፈር ይቆርጣል። እትዬም የተሸረፉትን መጣል አሳዝኗቸው በጆንያ ሙሉ አስቀምጠው ነበር። ወስጄ ሠራኋቸው። ከንፈራቸውን ትንሽ ወደ ውጭ አጠፍኩት፤ ከሩቅ ሲታዩ ያስታውቃሉ። ጠጪዎቹ «ከተቃጠሉት ስጡኝ» ማለት ጀመሩ። አንድ ቀልደኛ ሾፌር ነበር፤ የወለቀ ጥርሱን እያሳየ «ይኼ ልጅ የእኔንም ሽርፍራፊ በኩራዝ ይሥራልኝ!» እያለ ቤቱን ያስቀው ነበር።

አባቴ ከሥራ በኋላ እዚያ ቤት አንድ ብርሌ ይጠጣል። አንድ። ሁለተኛ ሲሰጡት «ነገ ጠዋት ምላጭ እይዛለሁ» ብሎ ይመልሳል። የሚጠጣባት ብርሌም የታወቀች ናት፤ አንገቷ አጠር ያለ፣ መልኳ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። አንድ ረቡዕ እትዬ ያቺን ብርሌ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «አፏ ተሸርፏል። አባትህ ደግሞ በሌላ አይጠጣልኝም» አሉኝ።

ጥቅሉን ታቅፌ ወደ ቤት ሮጥኩ። ምክንያቱም በዚያው ሳምንት አባቴ እህል መጋዘን ውስጥ የተሸካሚነት ሥራ አግኝቶልኝ ነበር። «ዓርብ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፤ ጠርሙሱ እዚህ ላይ ይብቃ» ብሎኛል። የቀረኝ ሐሙስ ብቻ ነበር። ሐሙስ ማታ በገዛ ብርሌው፣ በእኔ ከንፈር ሲጠጣ፣ እጁ ራሱ ይመሰክርልኛል ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሠራኋት። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ያን የሚያህል ከንፈር የለም። አመድ ውስጥ ቀበርኳት። ዓርብ መውጣት ነበረባት። እኔ ግን በአሥር ሰዓት አመዱን ጫርኩት። ገና ይፋጃል። በጨርቅ ይዤ አወጣኋት፤ ነፋስ ላይ አቆየኋት፤ በጥፍሬ ነካ ሳደርጋት ጢን አለች። ደህና ናት አልኩ። ደህና አይደለችም የሚለኝ ሰው አልነበረም።

ጠጅ ቤቱ ሞልቶ ነበር። የማታ ፀሐይ በበሩ ገብቶ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ቄጠማ ያበራዋል። ቤቱ ማርና ጌሾ ይሸታል። እትዬ ጠጁን ቀድተው አባቴ ፊት አስቀመጡ። እኔ መሀል ቤት ቆሜ «ዛሬ አባቴ በእኔ ሥራ ይጠጣል!» አልኩ። ማን አርፈህ ተቀመጥ ይበለኝ?

«ጋሼ ቀስ ብለው!» አለ ሾፌሩ። «ልጅዎ ብርሌ ነው ብሎ ምላጭ እንዳይሆን የሰጠዎት!»

ቤቱ ሳቀ። አባቴ አልጠጣም። ብርሌዋን አንሥቶ አውራ ጣቱን በከንፈሯ ላይ አዞረ፤ የምላጭ ስለት የሚፈትነው እንዲያ ነው። አንድ ዙር። ሌላ ዙር። ቅንድቡ ከፍ አለ። ያንን ቅንድብ አውቀዋለሁ፤ በደንብ የተሳለ ምላጭ ሲያገኝ ነው የሚነሣው። አፉን ከፈተ።

«ይኼ…» አለ።

ጠቅ።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ጥፍር ሲቆረጥ እንደሚሰማው። አንገቷ እጁ ላይ ቀረ። ሆዷ ወርዶ ጠጁ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ ጋሼ! ሳይጀምሩት ሞቅ አለዎት?» አለ ሾፌሩ።

እትዬ ግን እኔን ነበር የሚያዩት። «አንተ፣ ምን ሆና ነው? ሳትጠገን ነው እንዴ ያመጣህልኝ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስድስት ወር የነፋሁት ትንፋሽ፣ ስሜ፣ ነገ የሚጠብቀኝ መጋዘን፣ ሁሉም ባንዴ ታየኝ። እውነቱን ለመናገር «ቸኩዬ ነው» የሚል አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«ብርሌዋ ደህና ነበረች» አልኩ። «እጁ ነው። ሰሞኑን እጁ ይንቀጠቀጣል።»

ማንም አልሳቀም። አባቴ እጁ ላይ የቀረውን አንገት አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ብዙ አላየኝም።

«አዎ» አለ። «እጄ ነው።»

አንገቷን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጦ ወጣ። ሁለተኛ እዚያ ቤት አልገባም።

ሾፌር ወሬን በነፃ የሚጭን ሰው ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ደብረ ብርሃን ደርሶ ተመልሷል፦ የላምበረቱ ጋሼ እጁን ጠጅ ይዞታል። መጀመሪያ ደንበኞቹ «ዛሬ ፀጉሬን ብቻ» አሉት። ቀጥሎ ፀጉራቸውንም ሌላ ቦታ ተቆረጡ። በዚያ በኩል ሳልፍ በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ምላጩን በቀበቶው ላይ ሲያመላልስ አየዋለሁ፤ የሚላጭ ሰው የለም፤ ሸርተት ሸርተት የሚለው ድምፅ ግን መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ኋላ ኋላ በውስጥ ለውስጥ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

ዓርብ ወደ መጋዘኑ አልሄድኩም፤ አባቴም አላነሣውም። ሥራዬ ደራ። የሰፈሩ እናቶች የተሸረፈ ብርጭቆ ይዘው በራችን ላይ ይሰለፉ ነበር። ከዚህም የባሰ ልንገርህ። ለዓውደ ዓመት ጢሜን መገናኛ ሄጄ በኤሌክትሪክ ማሽን ተላጨሁ። የገዛ ልጁ! ምሳ ላይ አባቴ ጉንጬን አየት አደረገና «ከጆሮህ ሥር ትቶልሃል» አለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ክፍሏን ዘጋ። ወንበሩን በጋሪ አስጭኖ ግቢ አመጣው። አሁን የተቀመጥክበት እሱ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ከግቢያችን ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞት፣ ውሃ አሙቆ፣ ሳሙና አረፋ መትቶ ጠራኝ።

«ና ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ራሴን ወደ ኋላ ደገፍ አደረገው። ቅጠሉ መሀል የሚሾልከው ብርሃን ዓይኔን ይወጋኝ ነበር። ምላጩ ጉንጬ ላይ ሲያርፍ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከዚያ ሳይሰማኝ ሄደ።

«ያቺ ብርሌ አመድ ውስጥ ስንት ሰዓት ቆየች?» አለኝ።

«ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት።»

«መቆየት የነበረባትስ?»

«እስከ ማግስቱ።»

ምላጩ አገጬን ዞረ። «እጄ ላይ ሆና መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ድምፅ አሰማች» አለ። «ምላጭም ሊሰበር ሲል እንደዚያው ነው። ላስቀምጣት ስል ቀደመችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም አባባ?»

«አንተ ተናግረህ ነበራ።»

ከዚያ ምላጩን ጠርጎ ወደ ጉሮሮዬ ወረደ። «ከንፈሯ ግን ጥሩ ነበር» አለ። «እንደዚያ የለሰለሰ ነገር ጣቴ ነክቶ አያውቅም። አትቸኩል። ሌላ ጉድለት የለብህም።»

ያን ያህል ስጠብቀው የነበረው ቃል መጣልኝ። ወንበሩ ላይ ሆኜ ሰውነቴ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። «አባባ፣ እኔ…» አልኩ።

«አትናገር፤ ትቆረጣለህ።»

እጁ አንድ ፀጉር ያህል አልተነቃነቀም። ጨርሶ ፊቴን በሞቀ ፎጣ ጠረገልኝና «ተነሥ» አለኝ። ጉንጬን ዳሰስኩት። አንዲት ጭረት የለም፤ ከጆሮዬ ሥርም የቀረ የለም። ሁለተኛ ምላጭ ሲይዝ አላየሁትም።

በማግስቱ እውነቱን ልናገር ጠጅ ቤት ሄድኩ። ሾፌሩ ተቀምጦ ነበር። እትዬ ገና ሲያዩኝ «ባለሙያው መጣ!» ብለው ስድስት አዲስ የተሸረፉ ብርሌዎች ፊቴ ደረደሩ። ሰዉ አጨበጨበ። ብርሌዎቹን ተቀብዬ ወጣሁ፤ አሳምሬ ሠራኋቸው። ሌላ ቀን እናገራለሁ አልኩ። አባቴ በሁለተኛው ክረምት አረፈ። አሁን መንገዱ ሰፍቶ ጠጅ ቤቱንም የእሱን ክፍልም በልቷቸዋል፤ ቦታውን አሳየኝ ብትለኝ አላውቀውም። ሾፌሩ የት እንዳለ፣ ይኑር ይሙት፣ አላውቅም። የምነግረው ሰው አልቆ ነው የተረፍኩት።

ቅድም ብርጭቆውን ስቀበልህ እጄን አይተሃል፤ አይተህም በጨዋነት ዝም ብለሃል። አዎ፣ የእኔ ይንቀጠቀጣል፤ እርጅና ነው። ሥራዬን ግን አላበላሸውም፤ ሐሙስ ስትመጣ የቱ ጋ ተሸርፎ እንደነበር ራስህ አታገኘውም። እስከዚያ ከአመዱ አይወጣም፤ አገር ቢለምነኝ አይወጣም።

አሁን ተነሥና ወደ ካራ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ከጎንህ ለሚቀመጠው ሰው ንገረው። አያውቀውም፤ ቢሆንም ንገረው። ላምበረት አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበረ፤ እጁ አንድም ቀን አልተንቀጠቀጠም፤ ልጁ ቸኩሎ ነው በለው።