የአባዬ ጣውላና የእኔ ሴራሚክ

ዛሬ ጠዋት ሳሎን ስገባ እግሬ በሩ ሥር ያለውን የወለል ጣውላ ሰብሮ እስከ ጉልበቴ ጠለቀ!

ወለሉ ይነቀል ስል ሁለት ዓመቴ ነው። አባዬ ደግሞ «ይፋቃል እንጂ አይነቀልም» ይላሉ፤ የጥድ ጣውላውን ከጎረቤት ጋር በወንፈል ያነጠፉት እሳቸው ናቸዋ።

ከዳንግላ እዚህ ቆሰበር ድረስ ያስጫንኩት ሴራሚክ ግቢ ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ሆኗል።

ዛሬ ግን ጉልበቴን አይተው እሺ አሉ። አናጺ ጠራሁ።

አናጺው ከተሰበረው ቀጥሎ ያለውን ጣውላ ነቅሎ ቢገለብጠው፣ ሥሩ አዲስ! የጥድ ሽታው እንኳ አለቀቀውም።

አባዬ ፊታቸው በራ። «በል ሁሉንም ገልብጠህ በምስማር ምታው!»

«ሴራሚኩስ፣ አባዬ?»

«ለፈረሱ ጋጣ አንጥፍለት።»

በቤት ጉዳይ አባቱን ያሸነፈ ካለ እስኪ ዘዴውን ይንገረኝ። እኔ እስከዚያው ጋጣውን ልለካ።