በጎቹ ይግቡ፣ እሳቸው ይቅሩ

ከደካ ወጣ ብሎ ባለ የሶላር ጣቢያ ኦፕሬተር ሆኜ ስመደብ ሥራዬ ከባትሪና ከኢንቨርተር ጋር መስሎኝ ነበር። ሳር ሆኖ አረፈው። እኔ ባደግሁበት አገር ሳር የክረምት እንግዳ ነው፤ እዚህ ግን ዛሬ ያጨድከው በሳምንቱ ጉልበትህ ጋ ይደርሳል። ፓኔሉ ላይ ሲያጠላበት መብራቱ ይደክማል፤ መብራቱ በደከመ ቁጥር ሰው የሚሰድበው ደግሞ እኔን ነው።

የገላገሉኝ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ጣቢያው ያረፈው በእሳቸው ይዞታ ላይ ነው፤ ቤታቸው ፈርሶ ከአጥሩ ማዶ ምትክ ቦታ ተሰጣቸው። በጎቻቸውን አስገቡልኝ። ፍየሎቹን ግን አሻፈረኝ አልኩ፤ ፍየል ፓኔል ላይ ትወጣለች፣ ሽቦም ትቀረጥፋለች። በጎቹ ማጭድ የማይደርስበትን ሁሉ ከፓኔሉ ሥር እየገቡ ሙልጭ አድርገው ጋጡት። እትዬም ከኋላቸው እየተከተሉ የድሮ ጓሯቸውን ይዞሩታል። ለበጎቹ ብቻ ብለው እንደማይመጡ ገብቶኛል፤ ግን አልከለከልኳቸውም።

አለቃዬ ከቦንጋ ለቁጥጥር ሲመጣ እትዬን ከፓኔሎቹ መሃል አያቸው።

«በጎቹ ይግቡ፤ እሳቸው ከአጥር ውጭ ይጠብቁ። የሴፍቲ ጉዳይ ነው» አለኝ።

«ቤታቸው እኮ ነበር» ስለው፣ «ነበር ብለሃል እኮ» አለኝ። ንድድ አልኩ። ግን አለቃ ነው፤ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ከበጎቼ አነስኩ ማለት ነው ልጄ?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በጎቻቸውን ጠርተው ይዘዋቸው ሄዱ።

ከዚያማ ሳሩ መጫወቻ አደረገን። ሊያጭድ የመጣ የቀን ሠራተኛ ሽቦውን በማጭድ በጠሰው። የጤና ጣቢያው ፍሪጅ ቆመ፣ ወፍጮውም ቆመ፤ የአለቃዬ ስልክ ግን አላቆመም። በመጨረሻ ራሱ መጥቶ ደጃቸው ቆመ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። «ሄልሜት ካደረጉ መግባት ይችላሉ፣ እናቴ» አላቸው።

እትዬ ቢጫውን ሄልሜት በሻሻቸው ላይ ደፍተው ገቡ። በጎቹን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ በፓኔሎቹ መሃል ቀጥ ብለው ሄዱና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ሄልሜቱን አውልቀው ለአለቃዬ ሰጡት።

«የቤቴ በር እዚህ ጋ ነበር» አሉት። «ይኼ ምን እንዳይወድቅብኝ ነው? ሊወድቅብኝ የሚችለው ቤቴ ነበር፤ እሱንም እናንተው አፈረሳችሁት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሄልሜት ያድርጉ ያላቸው ሰው የለም።