በዘጠኝ ቀስቅሺልኝ

ቁጭ ብሎ ኳስ ማየት አልፈጠረብኝም። ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ባለው ሱቄ ውስጥ እንኳ ደንበኛ ሳይኖር ቆሜ ነው የምውለው፤ ያጠፍኩትን ሱሪ ፈትቼ እንደገና አጥፋለሁ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ጠዋት ጠዋት ተነስቶ ሐዲዱን ዳር ዳሩን ይዞ ይሄድ ነበር። አለማረፉን ከሱ ነው የወረስኩት መሰለኝ።

ያን ቀን ግን ሱቄን ዘግቼ፣ የጫማ ካርቶን ጠፍጥፌ በብብቴ ይዤ፣ ገና ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሜዳው ጋ ደረስኩ። ካርቶኑ ለመቀመጫ ነው፤ የድሬ ሲሚንቶ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ሰው አያስቀምጥም። ልጄ የምትማርበት ኮሌጅ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ነበረበት። በሁለት ሰዓት ግማሽ ፍጻሜ፣ ካሸነፉ ደግሞ በአሥር ሰዓት ፍጻሜ። መሃሉ የፀሐይ ነው። እኛ ከተማ በቀትር ሜዳ ላይ የሚቆም ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ታሟል።

ልጄ ተቀያሪ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀያሪ። የምትጫወትበት ቦታ አቀባይ ይባላል፤ ኳሱን ከመረቡ በላይ አንስታ ለመቺዎቹ የምታመቻች ማለት ነው። ቡድኑ ግን ሌላ አቀባይ አለችው፤ ከሰሜን ሸዋ ደጋ የመጣች ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ። እውነቱን ልናገር፣ ጎበዝ ናት። እጇ ላይ ያረፈ ኳስ ድምፅ አያሰማም። እሷ ሜዳ ውስጥ እያለች የኔዋ የኳሱን ከረጢት ትሸከማለች፣ ውሃ ታድላለች፣ ታጨበጭባለች። ሁለቱም ዘንድሮ ተመራቂ ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ጨዋታ የለም።

ጠዋት ጫማዋን ስታስር «እማ፣ ዛሬም ካልገባሁ ፊትሽን እንዳታጠቁሪብኝ» አለችኝ።

«ኧረ አቦ ተይኝ! ትገቢያለሽ» አልኳት።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ ልጄ ተጫዋች ናት ብዬ ታይዋንን ሙሉ አውርቻለሁ። ጎረቤቴ ሽቶ ሻጭዋ ቡድኑ በተጫወተ ቁጥር «ስንት አገባች?» ትለኛለች። መረብ ኳስ ላይ ጎል የለም ብዬ እቆጣታለሁ፤ በዚያው ጥያቄዋ ይረሳል። ኧረ እቴ፣ ልጄ አንድም ቀን ሜዳ ረግጣ አታውቅም ብዬ ለመናገር ምላሴ አልታዘዘኝም።

የጠዋቱ ጨዋታ ሲጀመር ካርቶኔን አነጠፍኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ ካርቶኑ ላይ ማን እንደተቀመጠ አላውቅም። ሜዳውን ዞርኩት። በአማርኛ እጀምርና በኦሮምኛ «ጀባዱ!»፣ በርቺ፣ እላለሁ፣ ዳኛውን ሳይገባው ልሰድበው ስፈልግ ወደ ሶማሊኛ እገባለሁ። ዳኛው ለካ የድሬ ልጅ ነው፤ ዘወር ብሎ በሶማሊኛ መለሰልኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅኩ።

ግን ዓይኔ ጨዋታው ላይ አልነበረም። ዓይኔ አሰልጣኙ ላይ ነው። እሱ ከወንበሩ ብድግ ባለ ቁጥር ልቤ አብሮት ብድግ ይላል። አንዴ ተነሳ፤ ሱሪውን ከፍ ሊያደርግ ነው። አንዴ ደግሞ ወደ ተቀያሪዎቹ ዞረ፤ ልጄ ቱታዋን ልታወልቅ እጇን ዚፑ ላይ አደረገች፤ ውሃ አቀብዪኝ ነው ያላት። ዚፑን መልሳ ስትዘጋው አየሁ። እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ሦስት ለአንድ አሸነፉ። ልጆቹ ተቃቅፈው ሲዘሉ የኔዋም ዘለለች፤ ከሁሉም ከፍ ብላ። እልል አልኩ፣ ምን ላድርግ።

የኮሌጁ ማደሪያ ሩቅ ነው፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ምድጃ ነው። ቤቴ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ለሜዳው ቅርብ ስለሆነ ዘጠኙንም ልጆች ይዣቸው ልሂድ አልኩ። ምግቡን ከዋዜማው አሰናድቼዋለሁ። አሰልጣኙ እንደ ማንኛውም የድሬ ሰው የቀትር ዕረፍቱን የሚነካበት አይወድም፤ ደስ ብሎት ፈቀደ። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ጣቱን ወደኔ ቀስሮ «ማዘር፣ አደራ! በዘጠኝ ቀስቅሺልኝ። ዘጠኝ ተኩል ሜዳ ላይ ካልተገኙ፣ ሰውነታቸው ሳይሟሟቅ ከገቡ፣ አለቀልን» አለኝ።

«ወላሂ በዘጠኝ!» አልኩት። ክርስቲያን ብሆንም ድሬ ተወልጄ ሌላ መሐላ አይመጣልኝም።

ግቢያችን ውስጥ ያለው አንድ ቧንቧ ነው፤ ከሳሎኑ መስኮት ሥር። ልጆቹ ተሰልፈው ተለቃለቁ፣ ገቡ፣ ሩዝ በፍየል ሥጋ በሉ፣ ሐብሐብ በሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ የሳሎኑ ሴራሚክ ላይ ተዘረሩ። እኛ ቤት በቀትር ምንጣፍ ይጠቀለላል፤ ጀርባን ባዶ ሴራሚክ ላይ እንደ ማሳረፍ ያለ ነገር የለም። ደገኛዋን ልጅ ግን ፀሐዩ መትቷታል። ራሷን ይዛ ፊቷ ቀልቷል። መኝታ ቤቴ አስገብቼ አልጋዬ ላይ አስተኛኋት፣ ፎጣ ነክሬ ግንባሯ ላይ አደረግኩ፣ ማራገቢያውን ከፈትኩላት።

«እትዬ፣ አስቸገርኩዎት» አለችኝ። እኛ ድሬዎች ከትልቁም ከትንሹም ጋር አንተ አንቺ ነን፤ ጓደኞቿ «እርስዎ» ስትል ሁሌ ይስቁባታል። እኔ ግን ደስ አለኝ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ቤቱ ጸጥ አለ፤ ቆይቶ ከግቢ ድምፅ ሰማሁ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ወጣሁ። ልጄ ቧንቧው አጠገብ ቆማ ኳሷን ከግድግዳው ጋር በጣቶቿ ታጫውታለች። አንድ ክንድ የምታህል ጥላ ነው ያለችው፤ ልጄ እዚያች ውስጥ ተሸጉጣለች።

«አንቺስ አትተኚም?»

«ምን ሠርቼ ደክሞኝ?» አለች፤ ኳሷን ሳታቆም።

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ተመልሼ ገባሁ፤ ያጠብኩትን ሳህን እንደገና አጠብኩ፣ መጋረጃውን አስተካከልኩ፣ ስልኬን አየሁ፤ ስምንት ሰዓት። እንደገና አየሁ፤ ስምንት ከአምስት። ከሳሎን እስከ ማዕድ ቤት ስንቴ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ምን ሠርቼ ደክሞኝ። ምን ሠርቼ ደክሞኝ።

ዘጠኝ ሲል ስልኬ ጮኸ። ሳሎን ያሉትን ልጆች ትከሻ ትከሻቸውን እየነካሁ አስነሳሁ። ከዚያ የመኝታ ቤቱን በር ከፈትኩ። ደገኛዋ በጀርባዋ ተኝታለች፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ ሁለት እጆቿ መዳፋቸው ወደ ላይ ተዘርግተዋል። እነዚያን እጆች አየኋቸው። ራሷን አሟታል፣ ትንሽ ትረፍ አልኩ ለራሴ። በሩን ቀስ ብዬ መለስኩት።

አሳዝናኝ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ለማዘን ብቻ ሰው በር እንደዚያ ቀስ አድርጎ አይዘጋም።

ልጆቹ ፊታቸውን ሊታጠቡ ወደ ግቢ ሊወጡ ሲሉ «ቁጭ በሉ፣ እንግዶቼ ናችሁ» ብዬ ማስታጠቢያውን ይዤ ሳሎን ውስጥ አስታጠብኳቸው። አንዷ «አቀባያችንስ?» አለች።

«ተነስታለች። ቧንቧው ጋ ፊቷን እየታጠበች ነው» አልኩ።

ውጪ የኳሱ ድምፅ ቆመ። ከዚያ እንደገና ቀጠለ፤ ጧ፣ ጧ።

ባጃጆቹ መጡና ልጆቹን አጣድፌ አስወጣሁ። «እናንተ ቅደሙ፣ ልብስ ልትቀይር ገብታለች፣ እሷን እኔ አመጣታለሁ» አልኩ። ልጄ የኳሱን ከረጢት ተሸክማ ከፊት ወጣች፣ ዞራም አላየችኝ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ሰዓቱ እየሄደ እኔ ማዕድ ቤት ቆሜ ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል ደቂቃ አንድ ቦታ ቆሜ የማውቅ አይመስለኝም። ዘጠኝ ከአርባ ሲሆን ፈራሁ፤ ሮጬ ገብቼ ነቀነቅኳት። ልጅቷ ስልኳን አይታ በባዶ እግሯ ወደ በሩ ሮጠች፣ ጫማዋን ይዤ ተከተልኳት። በዚያ ሰዓት ደግሞ የሳቢያን ባጃጅ ነጂ ሁሉ ጫት ላይ ነው። «ዋሪያ! ዋሪያ!» እያልኩ መንገድ ለመንገድ ጮኼ አንዱን ከጥላ ሥር ጎትቼ አስነሳሁት።

ለአሥር ሦስት ደቂቃ ሲቀር ደረስን። አሰልጣኙ እኔን አላየኝም፤ እሷን ነው ያየው። «እንቅልፋም!» አላት። ማሟሟቂያው አልቋል። በል እንግዲህ፣ አሁን የኔን ልጅ ጥራ አልኩ በልቤ። እሱ ግን ለደገኛዋ «ግቢ» አላት። ልጄ ቱታዋን ለብሳ ተቀመጠች።

ንዴቱ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ያ ሁሉ ሆኖ ለምንም! የመጀመሪያውን ዙር አሸነፉ። ሁለተኛው ዙር መሃል ላይ ደገኛዋ ለኳስ ዘለለችና ስትወርድ አልቆመችም። ባቷን ይዛ ወደቀች። አሰልጣኙ ተነሳ፣ ወደ ተቀያሪዎቹ ዞረ፣ በጣቱ ወደ ልጄ አመለከተ። እሷም ቱታዋን አወለቀች።

እኔ እልል አልኩ።

ረጅም እልልታ ነበር፤ ከሆዴ የወጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ በኋላ ነው ልጅቷ ገና ሲሚንቶው ላይ ተኝታ እግሯን በሁለት እጇ ጨምቃ ስታለቅስ ያየኋት። እልልታዬ አፌ ውስጥ ደረቀ። አፈርኩ። ግን ደስም ብሎኝ ነበር፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ፣ አንዱ ሌላውን አላባረረውም።

የልጄ የመጀመሪያ ኳስ መረቡን መታ። ሁለተኛው ተበላሸ። ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ወጣ፤ መቺዋ አፈነዳችው። ከዚያ በኋላ ልጄን አላወቅኳትም። ትጮሃለች፣ ታዛለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሳለች። ሦስት ዓመት ከግድግዳ ጋር ያወራችውን ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ተናገረችው። እስከ አምስተኛው ዙር አደረሰቻቸው። በመጨረሻ በሁለት ነጥብ ተሸነፉ።

ደገኛዋ እያነከሰች ወደኔ መጣች። ዓይኗ አብጧል። አሰልጣኙ በሷ እንቅልፍ ነው የተሸነፍነው ብሎ በሰው ፊት ተናግሯታል። ሊሰድበኝ የሚገባውን ስድብ እሷ ተሸክማ መጣች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስልኬን አላርም መሙላት ነበረብኝ» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጄን ያዘች። «እርስዎን ግን እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ከቤቴ ከወጣሁ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። እናቴም ሲያመኝ እንደርስዎ ናት። እንዳልነቃባት በሩን ቀስ አድርጋ ነው የምትዘጋው።»

ልናገር ነበር። እግዜር ያውቃል፣ አፌን ከፈትኩ። «ውሃ ጠጪ» አልኳት።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እኔና ልጄ ብቻ ነበርን። ልብሷ አቧራ ነው፣ ክርኗ ተልጧል። «ጉድ አደረግሻቸው እኮ!» አልኳት። እሷ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም።

«እማ፣ ቧንቧው ጋ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ታዲያ አንቺስ ለምን አልቀሰቀስሻትም?» አልኳት፤ ድምፄ ቀጥኖ።

«መግባት ፈልጌ ነበራ» አለችና አለቀሰች። እስከ ሳቢያን ድረስ አለቀሰች። አቀፍኳት፤ ማን ማንን እንደሚያባብል ግን አላውቅም።

በማግስቱ ሱቄን ስከፍት ሽቶ ሻጭዋ ገና ከሩቅ «እህስ፣ ትናንት ስንት አገባች?» አለችኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የምነግራት እውነት ነበረኝ።

«ተጫውታለች» አልኳትና ያጠፍኩትን ሱሪ ፈትቼ እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ።