ኪኒኑን በገበያ ቀን ብቻ

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ደብዳቤ እንኳ ሰው ለምኜ የማስጽፍ ነኝ። ደፍሬ ብዕር በማንሳቴ ይቅር በሉኝ፤ የተጣመመውን እናንተው አቃንታችሁ አንብቡት። የጎረቤቴን የጀዊሪያን ነገር ግን ዝም ብሎ ማለፍ አቃተኝ።

ጀዊሪያና ባሏ ኢብሮ ቆቦ ገበያ ዳር ባዶ ጆንያ ገዝተው ይሸጣሉ። ማሽላው የተራገፈበትን ጆንያ ይሰበስባሉ፣ ገልብጠው ነቀዙን ያራግፋሉ፣ ፀሐይ ያስመቱታል፣ የተቀደደውን ይሰፋሉ፤ ከዚያ እንደገና ሊሞላ ይሄዳል። ኢብሮ በዚህ ላይ አይሱዙ ጫፍ ወጥቶ ጭነት ያስራል። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው፤ ኢብሮ የሚጥል በሽታ አለበት። ከዚያ ከፍታ ላይ ቢጥለውስ?

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሊድያ ኪኒኑን በየቀኑ ጠዋትና ማታ ስታዝለት፣ መተዳደሪያውን ጠይቃ በጆንያ ምሳሌ አስረዳችው።

«ጋሼ ኢብሮ፣ የአንጎል ሕዋሶች መልእክት የሚለዋወጡት በዓይን በማይታዩ ከረጢቶች ነው። ከረጢቱ መልእክቱን ያራግፍና ባዶውን ይመለሳል፣ እንደገናም ይሞላል፤ ልክ እንደ እርስዎ ጆንያ። ከረጢቱ ገላ ላይ ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። ማራገፉንም መመለሱንም የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። ኪኒኑ ካንዳቸው ላይ ይጣበቅና ያለ ልክ የሚፈሰውን መልእክት ያበርዳል። እንዴት አድርጎ እንደሆነ ምሁራኑም ገና ጨርሰው አልደረሱበትም። እስኪሻልዎት ግን መኪና ላይ እንዳይወጡ!»

ኢብሮ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ጀዊሪያም የገባው መስሏት እፎይ አለች።

ባለፈው ታዲያ፣ በገበያው ማግስት፣ ከመኪናው ወርዶ እግሩ መሬት እንደረገጠ ጣለው። ትንሽ ቀደም ቢል ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። ጀዊሪያ በጎኑ አስተኝታ፣ ራሱ ሥር ጆንያ አጥፋ አስገብታ፣ እስኪነቃ ጠበቀች። ቤት ወስዳ ኮቱን ስታወልቅለት፣ ድሮ ማለቅ የነበረበት ኪኒን ብዙው ከነእሽጉ ከኪሱ ዱብ አለ።

«ኢብሮ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የተረፈ ነው።»

«እንዴት ይተርፋል? አትወስድም?»

«እወስዳለሁ እንጂ! በገበያ ቀን እወስዳለሁ።»

«በገበያ ቀን ብቻ?»

«ሲስተር ራሷ ጆንያ ነው አላለችም? ጆንያ የሚሠራው በገበያ ቀን ነው። ሌላውን ቀን ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ያርፋል። ላረፈ ጆንያ የምን ኪኒን ነው?»

«ያ ረቢ! አንተ ሰውዬ፣ አንጎልህ በገበያ ቀን ብቻ ነው እንዴ የሚሠራው?»

«እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ፣ ሊያስቃት ፈልጎ።

አልሳቀችም። ትንሽ ብርታት ሲያገኝ እየነዘነዘች ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሲስተር ሊድያ ነገሩን ስትሰማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ምሳሌውን ያመጣሁት እኔ! ጋሼ ኢብሮ፣ ያንጎል ከረጢት ገበያ አያውቅም። ተኝተውም ይራገፋል፣ ይሞላል። አንድ ቀን ውጦ ሌላውን መዝለል ጭራሽ ያባብሰዋል። መኪናውስ? አይወጡ ብዬ አልነበር?»

«እኔ ካልወጣሁ ጭነቱን ማን ሊያስረው ነው?»

«ወድቀህ ብትሞትስ ማን ሊያስረው ነው?» ጀዊሪያ ጮኸች። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ኢብሮ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ጠዋት ጀዊሪያ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አኖረች፤ ውሃውን እስኪጨልጥ ፊቱ ቆማ «ክፈት እስቲ» ብላ አፉን አየች። ጆንያ እንዲሰፋ መርፌና ሲባጎ ሰጥታው፣ ቀሚሷ ሥር ሱሪ አጥልቃ ገበያ ወረደች። የአይሱዙው ሾፌር ፍቅሩ ሲያያት ሳቁ መጣ።

«ኢብሮስ? ደግሞ አንቺ ልታስሪልኝ ነው?»

«ገመዱን ወርውር፣ ፍቅሩ። ከባሌ ጋር ስጨቃጨቅ ጉሮሮዬ አልቋል፤ ላንተ የሚተርፍ የለኝም» አለችው፤ ሻሿን አጥብቃ፣ ጎማውን ረግጣ፣ ላይ ወጣች።