ለአንድ ቤት አንድ ጣሪያ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ... ጋሽ ደምሴ ናቸው። እዚሁ ስዊዝ፣ «ለ ሊኞን» በሚባለው ሰፈር፣ እኛው ሕንፃ ላይ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነቡ ጋር የሚኖሩ ጎረቤቴ።

«ባንክ ልንሄድ ነው። ዘነቡ ፈረንሳይኛው ስለማይገባት እንድታስተረጉሚላት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

ጉዳዩ «ትሯዚየም ፒሊየ» ነው አሉኝ። ስዊዝ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት... ሰው በራሱ ፈቃድ ለጡረታው የሚቆጥበው ነው። ያስገባችሁት ከግብር ይቀነስላችኋል፤ ግን በዓመት ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ማስገባት አይቻልም፤ ከገባ በኋላም እንደፈለጋችሁ አትነኩትም።

እኔ ደግሞ ይህን ነገር የማስረዳው ሰው ካገኘሁ ደስታዬን አልችለውም። እሺ ሳልላቸው ካፖርቴን ለብሻለሁ።

አውቶቡስ ውስጥ ከእትዬ ዘነቡ ጎን ተቀምጬ ጀመርኩ። መሥሪያ ቤቱ የጡረታ ፈንድ ያለው ሰው ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ የሌለው ደግሞ ከገቢው እስከ አንድ አምስተኛው ማስገባት ይችላል፣ እሱም የራሱ ወሰን አለው... እያልኩ ለፈለፍኩ። እሳቸው ሆቴል ነው የሚሠሩት፣ አንሶላ ማጠቢያው ጋ። በትዕግሥት ሰሙኝና፣

«አውቃለሁ ልጄ። የኔ ደሞዝ በየዓመቱ ጣሪያውን ለመሙላት አይደል የሚሄደው?» አሉ።

«የእርስዎን ጣሪያ?»

«የደምሴን ነዋ። ለአንድ ቤት አንድ ብቻ አይደል የሚፈቀደው?»

ሳቄ መጣ። «ኧረ በፍጹም! ባልም የራሱ፣ ሚስትም የራሷ ነው ያላት። የሚሠራ ሰው ሁሉ የየራሱ አለው። በስምዎ የለዎትም እንዴ?»

እትዬ ዘነቡ ዞር ብለው ባላቸውን አዩ። ጋሽ ደምሴ ፊት ለፊታችን ቆመው በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ነበር።

«ሕጉ ድሮ እንደዚያ ነበር» አሉ።

ድሮም እንደዚያ አልነበረም። ልናገር አፌን ስከፍት ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ... ዘጋሁት። ያ አስተያየት እስካሁን ከፊቴ አልጠፋም።

ባንክ ስንደርስ የተቀበለችን ወጣት፣ ትሑት ሠራተኛ ነች። ለጋሽ ደምሴ የቀረው የባለቤታቸው ፊርማ ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸውና ቅጹንና እስክሪብቶውን ለእትዬ ዘነቡ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ረጋ ብላ፣

«እባክሽ ለወይዘሮዋ በትክክል ንገሪያቸው» አለችኝ። «ባላቸው ስዊዘርላንድን ጨርሰው ስለሚለቁ ቁጠባውን በሙሉ ያወጣሉ። እሳቸው ተስማምተው ካልፈረሙ ግን አይከፈልም።»

ክው አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ፈገግ ብለው በአማርኛ፣ «ስለ ጣሪያው ንገሪያትና ትፈርም» አሉኝ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው... እጃቸው ግን የወንበሬን መደገፊያ አንቆ ይዟል።

ሠራተኛዋ አማርኛ አትሰማም። እትዬ ዘነቡ ፈረንሳይኛ አይሰሙም። በመሃል ያለሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ሰውዬው ጎረቤቴ ናቸው፤ ነገም ከነገ ወዲያም አገኛቸዋለሁ። ግን በአንሶላ እጥበት የሻከረውን የእኒያን ሴትዮ እጅ ሳይ አንጀቴ አልቻለም።

«እትዬ ዘነቡ... ጋሽ ደምሴ አገሩን ለቀው ሊሄዱ ነው። የተጠራቀመውን በሙሉ ይዘው። የሚሰጣቸው እርስዎ ከፈረሙ ብቻ ነው።»

ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ ይላል?»

«የእርስዎ ስም የለበትም።»

እስክሪብቶውን ለሠራተኛዋ መልሰው «ኖን» አሏት። ለዚህች ቃል አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ጋሽ ደምሴ ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኹም። ተነሥተው ካፖርታቸውን እየቆለፉ «ቤት ሄደን እንነጋገራለን» አሉ፣ በቃ።

ይሄኔ እትዬ ዘነቡ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ... ቤት ድረስ አብረሽን ትገቢያለሽ?»

ገባሁ። ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ እስኪከቱ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ጋሽ ደምሴ ሳሎን ተቀምጠው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ሁለታችንንም ያዩናል። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

የእትዬ ዘነቡ እህት ዙሪክ አጠገብ ኡስተር ስለሚኖሩ የዙሪክ ባቡር ላይ አሳፈርኳቸው። ትናንት ደውለው በስማቸው የራሳቸውን ቁጠባ እንደከፈቱ ሲነግሩኝ፣ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ጋሽ ደምሴ ግን የትም አልሄዱም። ዛሬ ጠዋት አሳንሰሩ እሳቸው ፎቅ ላይ ቆመና ገቡ። በሩ ሲዘጋ፣

«አስተርጓሚዋ... ደህና አደርሽ?» አሉኝ፣ ያንኑ ፈገግታቸውን ፈገግ ብለው። ምድር ቤት እስክንደርስ ዓይናቸውን ከላዬ አላነሡም።

አሥራ አንደኛ ፎቅ ነው የምኖረው... ከዛሬ ጀምሮ በደረጃ ነኝ።