ታብሌቱ ውስጥ ቤታችን የለም

ዛሬ ጠዋት እናቴ ደጃፏ ላይ ቆማ ቤቷን ፈልጋ አጣችው።

ደብረ ታቦር፣ እኛ ሰፈር፣ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ አንድ የፕላን ባለሙያ ሊያወያየን መጣ። የያዘውን ታብሌት ካሜራ ወደ መንገዱ ሲያዞረው ገና ያልተሠራው ሁሉ ስክሪኑ ላይ እዚያው ቦታው ላይ ተሠርቶ ይታያል፤ ሰፊ አስፋልት፣ የመብራት ምሰሶ፣ አግዳሚ ወንበር።

ጎረቤቱ ሁሉ እየተቀባበለ «ወይ ጉድ!» አለ። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም።

እናቴ ግን ታብሌቱን ወደ ራሷ በር አዞረችው። በቤታችን ቦታ ሣርና አበባ ነበር።

«ልጄ፣ የኔ ቤት የታለ?» አለችው ባለሙያውን።

«እማማ፣ ይሄ ለማሳያ ነው፤ ገና አልተወሰነም።»

«ካልተወሰነ ቤቴን ማን አነሳው?»

«አሮጌ ቤቶችን ሲስተሙ አያነብም» አላት።

እኔ ተቀብዬ ትንሽ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ከኛ አጥር ቀጥሎ ያለው፣ ከኛ ይልቅ ወደ መንገዱ የገባው የአንድ ባለሀብት ፎቅ ከነቀለሙ ቆሟል።

«ይሄስ?» ስለው «ኔትወርክ ነው» አለኝ። (እኛ አገር ኔትወርክ ያልተከሰሰበት ወንጀል የለም።)

ፎቶ ላነሳው ስል «አይፈቀድም» ብሎ ታብሌቱን ተቀበለኝ።

እናቴ በእርጋታ «እንግዲያው ቤቴን መልሰህ ስትመጣ እንወያያለን» አለችው። ጎረቤቶቹም «ልክ ናት» ብለው ከጎኗ ቆሙ። ስብሰባው ሳይጀመር ተበተነ። አስተካክሎ እንደሚመለስ ነግሮን በባጃጅ ሄደ።

እኔ አላመንኩትም። እናቴም አላመነችውም መሰለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከግቢዋ አልወጣችም።

በእናንተ ሰፈርስ እንዲህ ያሳያችሁ አለ? የራሳችሁን በር ፈልጋችሁ አገኛችሁት?